የደቻቱ ደወል

መልካ ጀብዱ
ግንቦት 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም፣ ለአብቲ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ከሁሉ በፊት ጉልበትህ እንዴት ነው? ለንግድ የምትመላለሰው ፋርቱን ባለፈው ከጅቡቲ ስትመለስ ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዘህ እንደሆነ ነግራኛለች። ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ያ የሚጮህብህ ጆሮህ ተሻለው ወይስ አሁንም ሬዲዮ ስትጠግን አንገትህን ወደ ግራ ዘንበል አድርገህ ነው የምታዳምጠው? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናቴ ሆዮም ደህና ናት። "ለወንድሜ ጻፊለት" ያለችኝን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት ስለማይበቃኝ፣ ናፍቀሃታል፣ አኩርፋሃለችም ብዬ ልለፈው።

እላይ መልካ ጀብዱ የሚለውን አይተህ አትደንግጥ፤ እደርስበታለሁ። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በፋርቱን ጉያ ስለሚመጣ ሰው ያነበዋል ብዬ ሳልፈራ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ። አንተ ዘንድ የደረሰው የቀፊራ ገበያ ወሬ ነው። ኻድራ ወንዝ ዳር ቦምብ ስትቀብር ተያዘች አሉህ አይደል? የቀበርኩት ሽቦ ነው። ያውም ያንተን ሽቦ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሳጥን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለትምህርት ቤታችን ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበር። ውስጡ የሳይንስ መሣሪያ ነው፤ ማግኔት፣ ሌንስ፣ ትንንሽ አምፖሎች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ። ይህን የማውቀው ክዳኑ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው እንጂ ዕቃውን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ከአውራጃው ጎብኚ ሲመጣ ሳጥኑ ይወጣል፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ጎብኚው ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፍበታል። የንብረት ክፍሉን ሽማግሌ ታውቀዋለህ፤ ያን አሮጌ ሬዲዮውን ሁለት ጊዜ ያለ ዋጋ የጠገንክለት ሰውዬ። ስሙን አልጽፈውም። ሳጥኑን በጠየቅሁት ቁጥር "ልጄ፣ አንድ አምፖል ቢሰበር አንቺ ታዝኛለሽ፣ እኔ እታሰራለሁ" ይለኛል። ውሸቱን አልነበረም። ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ በአንድ በጠፋ የጽሕፈት መኪና ስድስት ወር ታስሯል።

ስለዚህ ኤሌክትሪክን በጠመኔ አስተማርኩ። ስምንተኛ ክፍል ሰባ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ሰሌዳው ላይ ባትሪ እስላለሁ፣ ሽቦ እስላለሁ፣ አምፖል እስላለሁ፤ እነሱ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ መልሰው ይስሉልኛል፤ በትክክል ለሳለ አሥር ከአሥር እሰጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ባለፈው ኅዳር ኢድል የምትባል ልጅ፣ ያቺ ቀፊራ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው የዳሃቦ ልጅ፣ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ይሄ አምፖል የሚበራው መቼ ነው?" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ትተኸው የሄድከውን የቆርቆሮ ሳንዱቅ ከፈትኩ። ፒንሳው፣ መበየጃው፣ ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሲጣል ያመጣኸው ጥቅል የስልክ ሽቦ፣ ሁሉም እንዳስቀመጥካቸው ናቸው። በማግስቱ አንድ ወፍራም ምስማር፣ ሁለት ክንድ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ ይዤ ክፍል ገባሁ። ሽቦውን ምስማሩ ላይ ጠምጥሜ ከድንጋዩ ጋር ሳገናኘው ምስማሩ የኢድልን የሻሽ መርፌ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገው። ሽቦውን ስለቀው መርፌው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለተነሣው ጫጫታ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን እየደበደበ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠመኔውን ቀነስኩ። ልጆቹ የተበላሸ የእጅ ባትሪ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ጎማው የወለቀ መጫወቻ መኪና ከየቤታቸው ያመጣሉ፤ እንፈታዋለን፣ ያየነውን ከመጽሐፉ ጋር እናስተያያለን። ምስማሩን ከብስክሌት ደወል ጋር አጣምረን የሚጮህ ነገር ሠራን። ይህ ለምን ይጠቅማል ስላቸው አንዱ ለቤት በር አለ፣ አንዱ ለሱቅ ሌባ አለ። ኢድል "ለደቻቱ" አለች።

ማብራራት አላስፈለጋትም። ድሬ ላይ ፀሐይ እየወጣ፣ ሐረር ተራሮች ላይ የዘነበው ውሃ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ድንገት እንደሚደርስ የማያውቅ ልጅ የለም። ክፍሉ ውስጥ ደቻቱ ሰው ያልወሰደበት ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ሁለት ወር ሠራንበት። ልጆቹ በየሰፈራቸው ዞረው የድሮ ጎርፍ ግድግዳ ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት ለኩ፤ እናቶቻቸውን ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣ፣ ደመናው በየት በኩል እንደነበር ጠየቁ። ባዶ የዘይት ጣሳ አፉን በሰም ደፍነን ቱቦ ውስጥ ከተትነው። ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ጣሳው ይንሳፈፋል፣ ሲንሳፈፍ ሁለት ቁራጭ ናስ ያገናኛል፣ ያን ጊዜ ደወሉ ይጮሃል። ክፍል ውስጥ ጮኸ። ወንዙ ዳር ሦስት መቶ እርምጃ ሽቦ ዘርግተን ስንሞክረው ግን ትንፍሽ አላለም። ድሮ ቢሆን ምክንያቱን ነግሬያቸው እገላገል ነበር። አሁን ራሳችሁ ፈልጉት አልኳቸው። ኢድልና ገዲ የሚባል ልጅ ሽቦውን በሃምሳ በሃምሳ እርምጃ እያሳጠሩ፣ ለየርቀቱ ስንት የባትሪ ድንጋይ እንደሚፈልግ እየጻፉ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ። ከዚያ ኢድል በካሬ ወረቀት ላይ ያሰመረችውን መስመር አሳየችኝና "ሽቦው ራሱ ይበላዋል፣ ቲቸር። በረዘመ ቁጥር የበለጠ ይበላል" አለችኝ። መጽሐፉ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጻፈው። እሷ በእግሯ ሄዳ ነው ያገኘችው። አሥራ ሁለት ድንጋይ አስፈለገን፤ ልጆቹ ከየቤታቸው አዋጡ። ደወሉን የሹክሪ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ፊት ለፊት ነው።

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ሽቦውን ድንጋይ ሥር አገኙት። ተከትለውት ሹክሪ ዘንድ ደረሱ። የትምህርት ቤት ዕቃ ነው ብትላቸው "ትምህርት ቤቱ የታለ?" አሏት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍል ወሰዱኝ፤ ኢድልንና ገዲንም። ዳሃቦ ሽንኩርቷን በትና መጥታ ቀበሌው በር ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹ ካልወጡ አልነሣም ስላለች ከመግሪብ በፊት ለቀቋቸው። እኔ አራት ቀን ቆየሁ።

አልመቱኝም፤ ዋላሂ፣ ለሆዮም ምዬላታለሁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ከማን ጋር ነው የምታወሪበት? ሽቦው ከወንዙ ወደ ሻይ ቤቱ እንደሚሄድ በዓይናቸው አይተዋል። ግን አንተ ጅቡቲ ነህ፣ እኔ ሶማሊኛ እናገራለሁ፣ ሽቦ ደግሞ ሽቦ ነው። ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ ለእኛ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። "ከውሃ ጋር ነው የማወራበት" አልኳቸው። ይህ መልስ ሁለቱን ቀን ሳያስጨምረኝ አልቀረም። ለምን ብለሽ ሠራሽው ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። እሱን የምመልሰው ለአንተ ነው።

አብቲ፣ ሃሊሞ የሞተች ቀን፣ ምን ሰማሽ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሚስትህ ናትና ማወቅ ይገባህ ነበር። ምንም አልሰማሁም አልኩህ። ሰምቻለሁ። እሷ አሸዋው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ከላይ በኩል የሚንጎደጎድ ነገር መጣ። የዕቃ ባቡር መሰለኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም፤ አንዱን ወረቀት ጨርሼ ሌላ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ውሃው ደርሶ ነበር። አራት ዓመት ይህንን ይዤ ኖርኩ፤ አንተ ጓዝህን ጠቅልለህ ስትሄድ ጣቢያ ድረስ ሸኝቼህ እንኳ አልነገርኩህም። የደወል ድምፅ ግን ባቡር አይመስልም። ለቀበሌ ያልነገርኩት መልስ ይኸው ነው። ብትቆጣ ቁጣህን እቀበላለሁ፤ ዝም እንዳትለኝ ብቻ።

በአምስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ለሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የሰፈሩ ሰው፣ ጥበቃዎቹ አሉ። የቀበሌው ካድሬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ደወሉ፣ ጣሳውና ሽቦው ፊቱ ተደርድረዋል። ርዕሰ መምህሩ ከመጽሐፉ ውጪ እንዳስተማርኩ ተናገረ። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ለመንግሥት ንብረት ክብር እንደሌለኝ፣ ሳጥኑን ክፈት እያልኩ ሦስት ዓመት እንዳስጨነቅሁት መሰከረ። ከሁሉም የሱ አመመኝ።

ከዚያ ካድሬው ደወል ነው ካልሽ ደውይው አለኝ። ናሶቹን አገናኘሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ካድሬው ፈገግ ብሎ "ጓዶች፣ ደወሉን ሰማችሁት?" አለ። ያን ጊዜ ኢድል ሳይፈቀድላት ከመሐል ተነሣች። "ጓድ፣ ድንጋዩ አልቆ ነው" አለች። "አራት ቀን ሙሉ ቀበሌ ውስጥ ስትደውሉበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

እውነቷን ነው። ጥበቃዎቹ ተራ እየገቡ ሲጫወቱበት እኔም ከታሰርኩበት እሰማ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ከጥበቃዎቹም ፊቱን አዙሮ የሳቀ ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ ጠመኔ አነሣሁና ድንጋይ ለምን እንደሚያልቅ ሰሌዳው ላይ ማስረዳት ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ ያህል አስተማርኩ፤ ማንም አላስቆመኝም። ካድሬው ራሱን ሲሰበስብ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ተጽፎ ያለቀ ወረቀት ሰጠኝና ግለ ሂስሽን አንብቢ አለኝ። ተማሪዎችን ከመስመር ማውጣቴን፣ በግል ዝና መነዳቴን፣ መጸጸቴን ይላል። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው።

አላነበብኩትም። አጥፌ ያዝኩትና "የራሴን ልናገር" አልኩ። "ጥፋት አለብኝ። ለዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ሦስት ዓመት የማይበራ አምፖል ሳስተምር ኖሬአለሁ። መሣሪያው ተቆልፎ ሲቀመጥ ጠይቄ፣ እንቢ ስባል ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። ወደ ሥራዬ የመለሰችኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። የምጸጸተው በዚህ ነው። በደወሉ አልጸጸትም። ነገ ድንጋይ ብታመጡልኝ ነገ እሰቅለዋለሁ።" ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት። ጀግና ሆንኩ እያልኩህ አይደለም፤ ከአዳራሹ ስወጣ ሹክሪ ናት ክንዴን ይዛ ቤቴ ያደረሰችኝ።

ጎርፍ መጥቶ እውነቴን አወጣልኝ እንድልህ ጠብቀህ ከሆነ፣ አልመጣም። ዘንድሮ ዝናብ የሚባል የለም፤ ደቻቱ እስከ ዛሬ አሸዋ ነው። ቀፊራ ላይ ጠብቀውት ለቀረ ነገር ሁሉ "የኻድራ ደወል" ማለት ጀምረዋል። ይበሉ። ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል። ደወሉ የት እንደሚሰቀል፣ ስንት ድንጋይ እንደሚፈልግ የሚያውቁ ሰባ ሁለት ልጆች ድሬ ውስጥ አሉ፤ ያንን ከራሳቸው ውስጥ መንጥቆ የሚያወጣ ቀበሌ አላየሁም።

ኢድል ሁለት ሳምንት ታገደች፤ አሁን ተመልሳለች። የኔ ቅጣት ዝውውር ሆነ። መልካ ጀብዱ፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ንባብና የእጅ ሥራ። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ "እዚያ መብራትም ሽቦም የለም፤ ታርፊያለሽ" አለኝ።

መጻሕፍት ላስረክብ ንብረት ክፍል ስገባ ሽማግሌው ቀና ብሎ አላየኝም። መዝገቡን አዙሮ ፈርሚ አለኝ። ከስሜ በላይ ያለውን መስመር አነበብኩ። "የሳይንስ መሣሪያ፣ አንድ ሳጥን፣ በምስጥ ተበልቶ የተወገደ" ይላል፤ ቀኑ የዚያኑ ዕለት ነው። አፌን ስከፍት "ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ያመልጥሻል" አለኝ። የዋበሪ የጭነት መኪና እዚህ ሲያራግፈኝ ከፍራሼ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ወረደ። ማን ጫነው ስለው ዋበሪ "አቦ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፤ የተጫነውን አራግፋለሁ" አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ምስጥ መስታወት ሲበላ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንዲት አምፖል አልተሰበረችም።

አሁን እዚህ ንባብ አስተምራለሁ። ሌንሱን ፊደሉ ላይ እናስቀምጥና ፊደሉ ሲተልቅ እያየን እናነባለን፤ ከዚያ ለምን እንደተለቀ እንጠያየቃለን። በእጅ ሥራ ሰዓት ምስማር ላይ ሽቦ እንጠመጥማለን። የታዘዝኩትን ነው የማስተምረው። የከባድ መኪና ሹፌሮች ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ያዩናል፤ አንዱ ባለፈው ሳምንት የተቃጠለ ዲናሞ ፈታችሁ እዩት ብሎ ጥሎልን ሄደ።

እንግዲህ ወደ መልእክትህ ልምጣ። የጅቡቲ መግቢያ ወረቀቴ ማለቁን፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቦታ እንዳገኘህልኝ፣ ያ ወንዝ የወሰደብኝ ይበቃኛል ማለትህን ፋርቱን ቃል በቃል ነግራኛለች። አለቀስኩ። ግን አልመጣም፣ አብቲ። ከድሬ አስወጥተውኝ መልካ ጀብዱ ወረወሩኝ፤ ከዚህ ደግሞ በራሴ እግር ወጥቼ ሥራቸውን ልጨርስላቸው አልፈልግም። ወረቀቱን ለፋርቱን መልሼላታለሁ። ልትልክልኝ ያሰብከውን ሽቶ ተወውና የባትሪ ድንጋይ ላክልኝ፣ ትልቁን ዓይነት።

አንድ ይቅርታ አለብኝ። ትናንት የዚህ ቀበሌ ሊቀ መንበር ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀኝ። የእናቴ ወንድም ነው የሰጠኝ፣ ጅቡቲ ነው የሚኖረው አልኩት። ጅቡቲ ድረስ መጥተው አይይዙህም፤ ድሬ ያለው ሽማግሌ ግን አርጅቷል፣ እስር አይችልም። ስምህን ሳላስፈቅድ ስለተበደርኩ ይቅር በለኝ፤ ማንም ቢጠይቅህ አዎ በል። ሊቀ መንበሩ ሰኞ ጠዋት ከከተማ ሰዎች ይዤ እመለሳለሁ ብሎኛል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ንባብ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያገኙኛል።

ያንተን ሳንዱቅ ዛሬ በዋበሪ መኪና ለኢድል ልኬዋለሁ፤ ፒንሳው አብሮ አለ። ከሰኞ በኋላ እዚህ ላልኖር ስለምችል መልስ ስትጽፍልኝ ወደ መልካ ጀብዱ አትላክ፤ በፋርቱን እጅ ለሆዮ ይድረሳት። እሷ ያለሁበት ታደርስልኛለች።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ጆሮህን ያሳርፍልህ። ሃሊሞን በጀነት ያኑራት። በሰው አገር ብቻህን ስትተኛ ሰላሙን አያጓድልብህ። ከጁምዓ በኋላ ለኔ ዱዓ ስታደርግ በሰላም ትመለስ አትበል፤ በያዘችው ትጽና በል።

የእህትህ ልጅ